«ያቺን ሪመር ሥራልኝና ልጄን ውሰድ»

ጎበዝ፣ ስለ ጥሎሽ ስንት ሰምተናል! ወርቁ አነሰ፣ ቀሚሱ ከዱባይ አልመጣም፣ ሚዜው መኪና የለውም ተብሎ የተኮረፈበትን ሠርግ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ወር የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ከነዚህ ካንዱም ጋር አይገጥምም። ልጁ የተጠየቀው ጥሎሽ ከብረት የሚሠራ፣ ከእጅ ጣት ብዙም የማይበልጥ አንድ ዕቃ ነው። ሪመር ይባላል። የጠመንጃ ሪመር!

ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። አገሩ ከሚሴ። ኮምቦልቻ ወጥቶ ቴክኒክና ሙያ ተማረ፣ ከዚያ አገሩ ተመልሶ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጠረ። የሚወዳት ልጅ አለችው። ሦስት ዓመት በድብቅም በግልጽም ተዋደዋል። ሽማግሌ ተልኮ፣ የልጅቷ አባት «እናየዋለን» ብለው፣ ነገሩ ወደ ኒካሕ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ማታ፣ ቶርኖ ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ አባትዬው በጋቢ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ታቅፈው ከች አሉ። ሲፈታ ቤልጅግ ጠመንጃ ነው። የአባታቸው።

የራሱ ጥይት ከጠፋ ቆይቷል። በእጃቸው ያለው ሌላ ዓይነት ጥይት፣ ትንሽ ወፈር ያለ ነው፤ አይገባለትም። «እጅህ ቀጥ ያለ ነው ይሉሃል። ጥይቱ የሚጎርስበትን ቤት የምታሰፋ ሪመር ሥራልኝ። ያቺን ሥራልኝና ልጄን ውሰድ» አሉት። ሳቅ ብለው ነው ያሉት። ግን ቀልድ አልነበረም፤ ጠመንጃውን እዚያው ጥለውለት ሄዱ።

«ጋሼ፣» ይላል ደብዳቤው፣ «እምቢ ብል ልጅቷ ትቀርብኛለች። እሺ ብል እንቅልፍ አይወስደኝም። ወላሂ ምን ላድርግ?»

እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ጠመንጃው አልነበረም። ከታች በሁለት መስመር ያለፋት አንዲት ነገር ናት። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ የልጅቷ አክስት «ልጃችንን ለቀጥቃጭ?» ብለው ተነሥተው ነበር አሉ። ልብ በሉ! ልጁ በብረት ሥራው ሊከለከል ነበር፤ አሁን ደግሞ በዚያው በብረት ሥራው ሊሰጠው ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን ብረትን ስትወድ፣ ብረት የሚሠራውን ስትሰድብ የኖረች አገር ናት። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጩቤውን የሚያወጣው አንጥረኛ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ይባላል፤ ማረሻው ግን ይፈለጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የፈረንጅ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ለዚሁ ችግር ነው። ሰባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ወታደርና ገበሬ እየጎተተው እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ ወጣ፤ ዐፄው በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ እዚያው ቀረ፣ ዛሬም እዚያው ነው። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የከሚሴዋ አክስት ጆሮ ግን ገና አልደረሰም። (የአዲስ አበባዎቹም አክስቶች ቢሆኑ… ተዉት!)

ወደ ልጃችን እንመለስ። ደብዳቤ ብቻ አንብቤ ምክር መስጠት አልወድም። ዕድል ሆኖ ልጁ ፑንታና ሞላ ድንጋይ ሊገዛ አዲስ አበባ ይመጣ ስለነበር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ተቀጣጠርን። ያ የመዶሻ ጫጫታ መሀል! አሮጌ በርሜል ምጣድ ሲሆን፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ኩባያ ሲሆን እያየን፣ ሻይ ይዘን ቁጭ አልን። ቀጠን ያለ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያወራ ልጅ ነው። ስለ ልጅቷ ስጠይቀው ያፍራል። ስለ ብረት ስጠይቀው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

«ሪመር ምንድን ነው?» አልኩት፤ እኔ በበኩሌ ከመዶሻና ከጉጠት በላይ አላውቅም።

«ፑንታ ያውቃሉ አይደል? ትራፓኖ ላይ የሚታሰረው። ፑንታ ይበሳል፤ ግን የበሳው ቀዳዳ ሻካራ ነው፣ ልክ ክብም አይሆንም። ሪመር አይበሳም። ፑንታ በበሳው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በትንሽ በትንሹ እየላጨ ልኩን ያስይዘዋል። የሚልጨው የፀጉር ያህል ነው። በዘይት፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ፊት ብቻ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ከመለስከው አፉ ይሞታል።»

ይህን ሲናገር በጣቱ አየሩ ውስጥ እያዞረ ነው። የሞተር ቫልቭ የሚመላለስበትን ጋይድ፣ የፒስቶኒ ፒን የሚገባበትን ቦኮላ፣ የአይሱዙውን የኪንግ ፒን ቦኮላ… ሁሉንም በሪመር ነው ልክ የሚያስይዘው። የሚገዛው ሪመር ውድ ስለሆነ፣ አንዳንዴም ልኩ ገበያ ላይ ስለማይገኝ፣ ራሱ ሠርቶ ያውቃል። ቶርኖ ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ክብር ነው። መሣሪያ የሚሠራበትን መሣሪያ የሚሠራ ማለት እኮ ነው! አባትዬውም የሰሙት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የተጠየቀው የማይችለውን ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ «አልችልም» ብሎ ያርፋል። የተጠየቀው ግን የሚችለውን፣ ያውም ከሁሉ አስበልጦ የሚኮራበትን ነገር ነው። ጠያቂው ደግሞ አማቹ ሊሆኑ ያሉ ሰው ናቸው። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ? ሒሳብ ሠራተኛዋ አጎቷ «ያቺን ደረሰኝ አስተካክዪልኝ» ይሏታል። ኮምፒውተር አዋቂው «የእገሌን ስልክ ክፈትልኝ» ይባላል። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው በችሎታችሁ በኩል ነው፤ በሙገሳ ተጠቅልሎ፣ ልክ እንደዚያ ጋቢ።

«ለመሆኑ ምን አስፈራህ?» አልኩት። ፖሊስ ይላል ብዬ ነበር።

«ጠመንጃ እኮ ቦኮላ አይደለም» አለኝ።

ይህን ቃል ይዤ አንድ የማውቃቸውን የቶርኖ አባት አማከርኩ። በዚህ ከተማ ከ40 ዓመት በላይ ብረት የላጩ፣ ድሮም በውትድርና ዘመናቸው የጠመንጃ ግምጃ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ነገሩን በሻይ ብርጭቆ አስረዱኝ። ጥይት ሲተኮስ የናሱ ቀለህ በሙቀቱና በግፊቱ ይነፋና ከጉርሻው ቤት ግድግዳ ጋር ጥብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት ጋዙን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው እሱ ናስ ነው። ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይሸማቀቃል፣ ይወጣል። ቤቱ ከልኩ ከሰፋ ወይም ግድግዳው ካልተስተካከለ ናሱ የሚደገፍበት ያጣል፤ ይቀደዳል። ያኔ ጋዙ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ተኳሹ ፊት!

«ግፊቱ ምን ያህል ነው?» አልኩ።

የአይሱዙ ጎማ 7 ወይም 8 ባር ይነፋል። ጎማ ጥገና ቤት ውስጥ እሱ ሲፈነዳ ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ተራው የክላሽ ጥይት በውስጡ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 3,550 ባር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ከተኳሹ ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው የሚሆነው። አሮጌ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አያቶቻችን አድዋ የዘመቱበት ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ፈረንሳዮች በ1886 ለበንን ጭስ ከሌለው ባሩድ ጋር ሲያወጡ ግፊቱ ሌላ ሆነ። ያ የድሮ ብረት የማያውቀውን ጉልበት ስታጎርሰው ምን እንደሚመልስልህ አትጠይቀው።

ደግሞ እኮ ውጅግራን «ለክላሽ አስተካክልልኝ» የሚሉም ሰዎች አይጠፉም፤ ልጁ ሁለቴ ገጥሞታል። የውጅግራ አፈሙዝ 11 ሚሊ ነው፤ የክላሽ እርሳስ 8 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ሪመር የሚያሰፋ እንጂ የሚያጠብ አይደለም! እነዚያን በሳቅ መለሳቸው። የአማቱ ቤልጅግ ግን በሳቅ አይመለስም፤ የተጠየቀው በእውነትም ማስፋት ነውና።

«ቤልጅግ» ካልን ዘንድ፣ ስሟን የሰጠችን አገር ይህን ነገር እንዴት እንደያዘችው ስሙ። ሊዬዥ የምትባል የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ አለቻቸው። እዚያ ከ1672 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሙዝ የሚፈተንበት ቤት አለ። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበርም ከ1637 ጀምሮ የንጉሥ ቻርተር ይዞ ይኸንኑ ያደርጋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠመንጃው በማንም ትከሻ ላይ ሳይሆን በታሰረበት፣ ከሚገባው በላይ ግፊት ባለው ጥይት ይተኮሳል። ከተረፈ ማኅተም ይመታበታል፤ ካልተረፈ ማንንም ሳይገድል እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የጉርሻ ቤቱ ከተነካ ያ ማኅተም ዋጋ የለውም፤ እንደገና መፈተን አለበት። የተካኑት ጠመንጃ ሠሪዎች እንኳ የገዛ እጃቸውን ሥራ ሳይፈትኑ አያምኑም ማለት ነው። ከሚሴ ውስጥ ግን ፈታኙ ማን ነው? መጀመሪያ ቃታ የሚስበው ሰው ነዋ!

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ የወንጀል ሕጉም አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትም፣ መጠገንም፣ መያዝም ያስጠይቃል። ቀኑን ሙሉ የቫልቭ ጋይድ ስታሰፋ ብትውል ማንም ምን አደረግህ አይልህም። ያው እጅ፣ ያው ማሽን ወደ ጠመንጃ ሲዞር ግን የሚታሸገው ያንተ ኪስ ብቻ አይደለም፤ የአሠሪህም ቶርኖ ቤት ነው። አምስት ሠራተኛ አብሮህ እንጀራ ያጣል።

አንዳንዶቻችሁ አሁን «እኚህ አባት ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» እያላችሁ ይሆናል። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ከሚሴን የሚያውቅ ያውቃታል። ሞቃት ናት፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ የጨፋ ሜዳ በቦርከና ወንዝ እየረሰረሰ፣ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር ወርዶ የሚግጥበት ለምለም አገር ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ተደበላልቆ ሲገበያይ ማየት በራሱ ደስታ ነው። ይሁንና ያ አካባቢ ክፉ ዓመታት አሳልፏል። በ2011 እና በ2013 አጣዬና ዙሪያዋ ሲነድድ፣ በ2014 ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ሲደርስ፣ ሰው ልጁን ይዞ የሸሸበት ጊዜ ነው። አባትዬው ለልጁ ያሉትም ይህን ነው፦ «ያን ጊዜ ባዶ እጄን በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለተኛ ባዶ እጄን አልቆምም።» ይህን የሚል አባት ወንበዴ አይደለም። የፈራ አባት ነው። ለዚህ ነው ምክሩ የከበደኝ።

የሥራ ባልደረቦቹ ምን አሉት መሰላችሁ? «ፋራ አትሁን፤ ማሽኑ ተበላሽቷል በላቸው!» አሉት። ሌላው ደግሞ «ሠራሁ ብለህ ሳታሰፋው መልስላቸው» አለው። አራድነት መሆኑ ነው! እኔ ይህን አልወደድኩትም። ማሽኑ ተበላሽቷል ቢላቸው ጠመንጃውን ይዘው ሌላ ጋ ይሄዳሉ፤ ሊማ ይዞ የሚፈገፍግ ሰው አይጠፋም። ሠራሁ ብሎ ቢመልሰውስ? አንድ ቀን ይተኮሳል። ያኔ እሱ ለዚያ ቤት አማች ነው።

እኔ የመከርኩት ሌላ ነው። በመጀመሪያ ለልጅቷ ንገራት አልኩት። ይታያችሁ፣ በሷ ስም የተጠየቀ ጥሎሽ ሆኖ እሷ አልሰማችም! ይህ የወንዶች አመል ነው፤ በሴት ይደራደራሉ፣ ለሴቲቱ ግን አይነግሯትም። ሁለተኛ፣ «እምቢ» የሚለውን ቃል አትጠቀም። ወሎ ውስጥ ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት በር መዝጋት ነው። በሽማግሌዎቹ በኩል ግባ፣ ሥራህን ይዘህ ግባ፣ ስብከት አትስበክ። ሰላም፣ ፍቅር፣ ሕግ እያልክ አታድክማቸው፤ እሱን ሬዲዮውም ይላቸዋል። አንተ የምታውቀው ልክ ነው። ልክ አሳያቸው።

ተመለሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ።

ለልጅቷ ነገራት። ጮኸች አሉ። «አባባ እኮ ዓይናቸው ደክሟል። የሚተኩሰው እኮ ወንድሜ ነው!» የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ተፈታኝ። ይህን ልጃችን አላሰበውም ነበር። ጠመንጃውን ያመጡት አባት፣ ጉንጩን የሚያስደግፈው ግን ያ ልጅ! ከዚያች ሰዓት ወዲያ ሁለቱም አንድ ላይ ሆኑ። እናቷም ተጨመሩ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ጠመንጃውን እንደመጣ በዚያው በጋቢያቸው ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ መለሰላቸው። ከዚያ ከኪሱ አንድ ፒንና ሁለት ቦኮላ አወጣ። አንዱ ቦኮላ ልክ ነው፤ ሌላውን ሆን ብሎ በግማሽ ሚሊ አስፍቶታል። «አባባ፣ ይዩልኝ» ብሎ ሁለቱንም በእጃቸው አስያዛቸው። በመጀመሪያው ፒኑ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። በሁለተኛው ይንቀጫቀጫል፤ ቃ ቃ ቃ ይላል። «ይቺ ግማሽ ሚሊ ናት። ሞተር ላይ ብትሆን ሞተሩ ይጮሃል፣ መልሰን እንሠራዋለን። ይህ ግን ሲበላሽ ጩኸቱን የሚሰማው ልጅዎ ነው፤ እሱን መልሼ ልሠራልዎ አልችልም» አላቸው።

አባትዬው ፒኑን ደጋግመው አንቀጫቀጩት አሉ። ምንም አልተናገሩም። አክስትዬዋ እንኳ ዝም! ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ድሮ ዘብ የነበሩ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩ፤ ፈንድቶባቸው ነበር፣ እስከ ዛሬ ግን ለሰው ተናግረው አያውቁም።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አባትዬው ቀና ብለው «ይህን ዕቃ ለወፍጮም ትሠራዋለህ?» አሉት። ወፍጮ ቤት አላቸው። ዘንጉ ከተበላ ቆይቷል፤ እየዘለለ ዱቄቱን ሻካራ አድርጎባቸው ደንበኛ እየሸሸ ነበር። በነጋታው ዘንጉን ፈትቶ ወሰደው፣ አዲስ ቦኮላ ቶርኖ ላይ አወጣለት፣ በራሱ ሪመር ልኩን አስያዘው። ወፍጮው አሁን ድምፁ እንኳ አይሰማም ይላል፤ ይህን ሲል ድምፁ እንደዚያ ምናለሽ ተራ ላይ እንደነበረው ሆነ።

ግን አንድ ነገር አሳስቦታል፤ የደወለልኝም ለዚሁ ነው። አባትዬው ሥራውን አይተው ሙሉ ዋጋውን ከፈሉት። ቆጥረው፣ በእጁ። «ጋሼ፣ ሰው አማቹን ይከፍላል እንዴ? እንደ ባዕድ ቆጠሩኝ ማለት ነው?»

እኔ ደግሞ «የሰጡህ በቀኝ እጅ ነው በግራ? ሰው ፊት ነው ለብቻችሁ?» አልኩት።

«አክስቷ ፊት ነው» አለኝ። «ደግሞ ለሷ ‹ይኸውልሽ፣ የባለሙያ ዋጋ ይህ ነው› አሏት።»

በል እንግዲህ፣ አልኩት፣ ብሩን አትመልስ። ሽማግሌዎቹ ለመጪው ሐሙስ ተቀጥረዋል። ቤልጅጉን ፖሊስ ጋ ወስደው ያስመዘግቡት ወይም ያስረክቡት የሚለውን እናትዬው ይዘውታል፤ እሱ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፣ አንተ አትግባበት። አንተ ሐሙስ ጠዋት ፀጉርህን ተቆረጥ፣ ከጥፍርህ ሥር ያለውን ግሪስ ግን በጣም አትፈትገው።